የሚያውቅ ቀኝ እጁን ያንሳ

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 11 ሰዓት

የ9ኛ ለ እርማት። ገና ግማሹ ይቀራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እማዬ ከጓዳ የምትለኝ ነገር አይሰማኝም። ቀይ እስክሪብቶዬ አልቆ በአረንጓዴ ቀጥያለሁ።

ተናድጃለሁ፣ ደብተሬ። ቀኑን ሙሉ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ሳስተምር እውላለሁ፤ ማታ ማታ የእማዬን ቋንቋ የምናገረው ከእሷና ካንቺ ጋር ነው። እሷ ደግሞ ስለ ስታቲስቲክስ መስማት አትፈልግም። ስለዚህ አንቺ ስሚኝ።

ሲፈን የምትባል ልጅ አለችኝ። መጨረሻ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል። ረጅም፣ ዝምተኛ። ከጉቶ ጊዳ ገጠር መጥታ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይታ የተመዘገበች። በዚህ ፈተና ከ30 27 አምጥታ ቁጭ! በአንድ ጎኗ ማን ይቀመጣል? ናኦል። የክፍሉ አንደኛ። እሱም 27።

እንዴት ጠረጠርሽ በይኝ። እጇ ነው የነገረኝ። የክፍላችን ሕግ ይህ ነው፦ ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም እጁን ያነሳል። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እኔ የምጠራው ቀኙን ያነሳውን ብቻ ነው። የማያውቀው አያፍርም። በበሩ የሚያልፍ ዳይሬክተር ደግሞ የሚያየው ጫካ የሚያህል እጅ ነው። ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ከቆዩ መምህራን የወረስነው ነው፤ በዲፓርትመንታችን የማይጠቀምበት የለም። መስከረም ላይ ለልጆቹ አስረዳኋቸው፣ በሁለት ቀን ለመዱት።

ሲፈን ግን ዓመቱን ሙሉ ግራ። አማካይ ስጠይቅ ግራ። ሞድ ስጠይቅ ግራ። ሚዲያን ስጠይቅ ግራዋ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። ይህቺ ናት 27 የምታመጣ?

ዛሬ 4ኛው ክ/ጊዜ ላይ ወረቀቷን ይዤ ገባሁ። አስቆምኳት። ከማን ነው የቀዳሽው አልኳት፣ በሁሉም ፊት። አንገቷን ደፋች። ናኦል ተነስቶ እኔ አላሳየኋትም ሊል ሞከረ፣ አስቀመጥኩት።  ዝም ካለችማ አመነች ማለት ነው ብዬ 27ቱን ሰርዤ ዜሮ ጻፍኩበት፤ ከፍ አድርጌም አሳየሁ። ልጆቹ ሳቁ።

ደግ አደረግኩ። ለሌላውም ትምህርት ይሆነዋል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። በእረፍት ሰዓት

የምሥራች! የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ኦቦ ገመቹ ጠሩኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ፤ ማሳያ ትምህርት የሚያቀርበው ሒሳብ ነው፤ ከሒሳብ ደግሞ እኔ። ለምን እኔ ስላቸው፣ ያንቺ ክፍል እጅ ያነሳል አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጥሩ ከሄደ ወደ አኖ ከተማ ሄጄ የዚያን ት/ቤት መምህራን እንዳሠለጥን ይልኩኛል። ተማሪን እንዴት ማሳተፍ እንደሚቻል። እህቴ እዚያው አኖ ናት፤ እሷ ጋ አድራለሁ። ከአሁኑ ቀሚስ እያሰብኩ ነው።

ርዕስ፦ ናሙና። ናሙና መቼ እውነት ይናገራል፣ መቼ ይዋሻል። ቀላል ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል።

ሲፈን አልመጣችም። ይሻላታል። አፍራለች ማለት ነው። የምታፍር ልጅ ትማራለች።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ከቀኑ 10 ሰዓት

ለማሳያው መሞከሪያ እንዲሆነኝ ናሙናን ዛሬ ጀመርኩት። በወጥ አስረዳሁ። ድስቱን ሙሉ በልተን አይደለም ጨው በቅቶታል የምንለው፤ በጭልፋ ቀምሰን ነው። ግን መጀመሪያ እናማስላለን። ሳናማስል ከላይ ከላይ ከቀመስን የምናገኘው ዘይቱን ብቻ ነው፣ ከታች ምን እንዳለ አናውቅም። ወንዶቹ ሳቁ፤ አንዱ እናቱ ሳታማስል ቀምሳ በጨው እንደጨረሰቻቸው ተናገረ። ክፍሉ ሞቀ። እጅ በእጅ ሆነ። ቀኝ ቀኙን እየመረጥኩ ጠየቅኩ፣ መለሱ። እንዴት ደስ ይላል!

ሲፈን ዛሬም የለችም። ሦስተኛ ቀን? አዎ። ከእሷና ከናኦል ጋር አንድ ወንበር የምትጋራውን ሐዊን አሟታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሐዊ ትከሻዋን ሰበቀች። ያላት ነገር አለ፣ ግን አልነገረችኝም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ከሰዓት በኋላ

የበሰበሰ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ቢሆንም ልጻፍ።

ጠዋት ለእህቴ ማንጎና የክረምት ሹራብ ልልክ መናኸሪያ ሄድኩ። የአኖ መኪና አልሞላም። ዝናብ መጣና ካጠገቡ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። አግዳሚ ወንበር፣ የላስቲክ ጣራ፣ ጥቂት ሾፌሮች። ባለቤቷ ደልደል ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ አደ ሎሚቱ ይሏቸዋል።

ከኋላ አንዲት ልጅ ቲማቲም ትከትፋለች። ጀርባዋ ወደኔ ነው። ቢላዋው እንዴት ይፈጥናል! በግራዋ። ከዚያ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ በግራዋ። ለአንድ ሽማግሌ ሾፌር ሻይ ቀዳችና በዚያው በግራዋ ብርጭቆውን ዘረጋችላቸው። አደ ሎሚቱ ትከሻዋን መታ አደረጓትና ‹‹ሃርከ ሚርጋ! በቀኝ ስጪ አላልኩሽም? ሰው ትንቂያለሽ እንዴ?›› ብለው ጮኹባት። ልጅቷ ብርጭቆውን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች። ሻዩ ፈሰሰባት፣ ጣቷን ላሰች። ዞር ስትል ሲፈን ናት።

ግራኝ።

ደብተሬ፣ ግራኝ ናት! ስትጽፍ በቀኟ ስለምትጽፍ አላወቅኩም። ሕጉን የተናገርኩት መስከረም ላይ ነው፣ እሷ ያኔ ገና አልተመዘገበችም ነበር። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። ዓመቱን ሙሉ አውቃለሁ እያለች ስታነሳ፣ አላውቅም ትላለች እያልኩ አለፍኳት።

አየችኝ። ብርጭቆውን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። እኔ ምን አልኩ? ዝናቡ አባርቷል አልኩ። አላባራም ነበር። የሻዩን ከፍዬ፣ ሳልጠጣው፣ ማንጎውን ይዤ እየበሰበስኩ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ለእህቴ የምልከው እጄ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ።


እሑድ፣ ግንቦት 10

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እማዬ፣ ምነዋ ፊትሽ ጠቆረሳ አለችኝ። ያልለቀቀኝ ጉንፋን ነው አልኳት። ስዋሽ ታውቃለች፤ ትልቅ ሰው ሆነሽ ብላ ተወችኝ።

የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ትናንት ማድረግ ነበረብኝ። ምን ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት። ከዜሮው በፊት።

ናኦል ሚዲያንን የሚያወጣው በቀመር ነው፣ እኔ እንዳስተማርኩት። ሲፈን ቁጥሮቹን ደርድራ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ እየሰረዘች መሐል ላይ ትደርሳለች። በሰፈር ጨዋታ ልጆች እንደሚቀናነሱት። ይህን እኔ አላስተማርኩም። ከየትም አልቀዳችውም፣ አስባበት ነው።

ይባስ ብሎ፦ የተሳሳቱት እንኳ አንድ ጥያቄ ላይ አይደለም። እሱ ሞድ ላይ ሳተ፣ እሷ ሬንጅ ላይ። የሚቀዳ ልጅ ስህተቱንም አብሮ ይቀዳል። ይህን ማንኛውም አራሚ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን አላየሁም፤ ድምሩን አየሁ፣ እጇን አስታወስኩ፣ በቃኝ።

ስለ ናሙና የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳይማሰል አይቀመስም የምለው እኔ። ዓመቱን ሙሉ የቀመስኩት ግን ከላይ ከላይ ያለውን ነው። ቀኝ ያነሱትን ስጠይቅ ይመልሳሉ፤ እነሱ ሲመልሱ ክፍሉ ገባው እላለሁ፤ ወደ ሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ። ግራውን ያነሳ ማን ነው፣ ስንት ነው፣ ምኑ ነው ያልገባው፣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

አፈርኩ። 


ሰኞ፣ ግንቦት 11። 6 ሰዓት፣ መምህራን ማረፊያ

ጠዋት ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዜሮውን፣ ግራኝነቷን፣ ሁለቱን ወረቀት። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል፣ በዚህ ት/ቤት አርጅተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ከዚያ፣ ‹‹ትግስት ኮ፣ ማሎ፣ እባክሽ ይሄን ሳምንት አሳልፊው›› አሉኝ። ልጅቷ ውጤቷን ታገኛለች፤ ዓርብ ወደ ሪከርድ ከመግባቱ በፊት እኔና አንቺ በጸጥታ እናስተካክለዋለን። አሁን ይነሳ ካልሽ ግን የእጁ ነገር አብሮ ይነሳል። የእጁ ነገር ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ዲፓርትመንቱን በሙሉ ታዋርጂያለሽ።

እሺ አልኩ።

ምን ያህል ቀለል እንዳለኝ ብነግርሽ! ደረጃውን ስወርድ ጭራሽ አንጎራጎርኩ። ሐዊ ታች ቆማ ትጠብቀኛለች። አሁን ነገረችኝ። ሲፈን ከእንግዲህ አትመጣም። አክስቷ አደ ሎሚቱ የኩረጃውን ወሬ ከሰፈር ልጆች ሰምተው፣ ለምትኮርጅ ልጅ ዩኒፎርም አላሰፋም፣ ሻይ ቤት ሥራ ሞልቷል ብለዋታል። በመስከረም በሷ ምትክ ታናሽ እህቷን ከገጠር ሊያስመጧት ነው። የሲፈንን ዩኒፎርምም በልኳ ይጠግኑላታል።

ሐዊን ጠየቅኳት። ስለ ቀኝና ግራው ለሲፈን የነገራት አለ? አይታ ታውቃለች ብለን ነው ቲቸር፣ አለችኝ።

በጸጥታ እናስተካክላለን ነበር ያልነው። በጸጥታ የተስተካከለ ውጤት አደ ሎሚቱ ጋ እንዴት ይደርሳል? የሳቁት ልጆችስ?

ማንጎራጎሬን ሳስበው ራሴን መምታት ያሰኘኛል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ከክፍል በኋላ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ነበር። ልጅቷ አልኮረጀችም፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ሕፃንም ይለዋል።

መምህርቷ ነኝ ስላቸው አደ ሎሚቱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወንበሩን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። ‹‹ታኣ፣ ባርሲስቱ፣ ታኣ! ተቀመጪ፣ መምህሬ! እግርሽ እዚህ ድረስ?›› ሻይ መጣ፣ ዳቦ መጣ። አልኮረጀችም አልኩ፣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር። ሰምተውኛል? እንጃ። አንቺ ደግ ስለሆንሽ ነው ገመናዋን የምትሸፍኚላት አሉኝ። የት አገር ነው አስተማሪ ለአንድ የገጠር ልጅ ብላ በጭቃ የምትመጣ? ከዚያ ተጣሩ። ሲፈን እጇን በጉርዷ እየጠረገች መጣች።

አየሽ፣ እኚህ ናቸው ያዋረድሻቸው አሏት። ‹‹እሳቸውን የሚያህል ሰው ቤትሽ ድረስ አስመጣሽ። ዲፈማ በያቸው!››

ሲፈን ጎንበስ አለች። ጉልበቴን ልትነካ። ‹‹ዲፈማ፣ ባርሲስቱ›› አለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ፣ እኔን።

አሁን የምጽፈውን ማንም እንዳያነብብኝ።  ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ልጀምር ነበር። ሾፌሮቹ ያያሉ፣ አደ ሎሚቱ በአድናቆት ያዩኛል። እኔ ልጅቷን በትከሻዋ ይዤ አቀናኋትና፣ ግድ የለም፣ ነገ ነይ አልኳት። ግድ የለም! ይቅር እንዳልኳት!

አደ ሎሚቱ መረቁኝ። ልጅ ይስጥሽ፣ እድሜ ይስጥሽ። ነገ ራሴ አመጣታለሁ አሉ። ስለ እጇም በዚያው አጫወቱኝ፦ ያቺ ግራ እጅ ክፉ አመሏ ናት፤ አንደኛ ክፍል ሳለች መምህሩ መጻፉን በአለንጋ ወደ ቀኝ መለሰላት፣ ሌላው ግን እምቢ አለ። ሲፈን ይህ ሲነገር እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሻዩን ግን ጠጣሁ። ዳቦውንም በላሁ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ከቀኑ 9 ሰዓት

መጣች። ዩኒፎርሟ ታጥቦ ገና አልደረቀም፣ ትከሻዋ ላይ እርጥብ ነው። መጨረሻ ወንበሯ ሄደች። አንዱ ከፊት ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ኮራጅ!›› አለ። ሰማሁ። ‹‹ፀጥታ!›› አልኩ እንጂ ሌላ አላልኩም።

የነገውን ልምምድ አደረግን። ሐዊ ሕጉን ነግራታለች፣ አሁን ገና። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም እጅ ወጣ። የሲፈን ግራ ከዴስኩ ተነስቶ መንገድ ላይ ቆመ። መለሰችው። ቀኟን አነሳች፣ ቀስ ብላ፣ የተዋሰችው ነገር ይመስል። ጠራኋት። መለሰች። ትክክል ነበር። ቀጥሎም አነሳች፣ ቀጥሎም። ሁሉም ትክክል።

ዓመቱን ሙሉ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ አስቆምኳት። እጅ ስታነሺ ሳልጠራሽ ስቀር ምን መሰለሽ አልኳት። ‹‹ስሜን ያልያዙት መስሎኝ ነበር›› አለችኝ። ቅር እንኳ አላላትም። ከዚህ ብዙ ልጅ መሐል እንዴት ይያዛል ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ኦቦ ገመቹ ከሩቅ ጠሩኝ። ፍላሽ ካርዶቹን አይተውልኛል፣ ቆንጆ ነው አሉ። ስመለስ ሄዳለች። እውነቱን ልንገርሽ? ሄዳ ስላገኘኋት ደስ አለኝ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ከቀኑ 8 ሰዓት

አለቀ። ‹‹እጅግ በጣም ጥሩ›› ብለው ሰጡኝ።

ሱፐርቫይዘሮቹ ከኋላ ተቀመጡ፣ ኦቦ ገመቹ በበሩ በኩል። ወጡን አማሰልኩ፣ ጭልፋውን አነሳሁ። በጠየቅኩ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጅ። ከሱፐርቫይዘሮቹ አንዱ ለሌላው በክርኑ ጠቆመው። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ እያልኩ ጠራሁ። ሲሄድ እንዴት ይሄዳል!

ሊያልቅ ሲል አንዱ ሱፐርቫይዘር ፈቃድ ጠይቆ ተነሳ። ልጆች፣ ከራሳችሁ ኑሮ የሚዋሽ ናሙና ምሳሌ የሚሰጠኝ? አለ። በልምምዱ ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ። ጉድ ፈላ። እጆቹ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ወጡ። ስቃኝ ግራ፣ ግራ፣ ግራ። የናኦልም ግራ። አንድ ቀኝ ብቻ፣ ከመጨረሻው ወንበር።

 የምታውቀው ምሳሌ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከዚህ ክፍል የተሻለ የሚዋሽ ናሙና የት ይገኛል? ላልፋት ፈለግኩ። በድጋሚ! ሱፐርቫይዘሩ ግን እጇን አይቶ ራሱ ጠራት።

ተነሳች። እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፣ ግን አየችኝ። ከዚያ ወለሉን እያየች ስለ ማንጎ ተናገረች። ገበያ ላይ ከቅርጫቱ አፍ ትልልቁንና ቀዩን ይደረድሩታል፣ የተላው ከታች ነው፤ ከላይ አንድ ቀምሶ የሚገዛ ሰው ይሞኛል። ጨረሰች፣ ተቀመጠች።

አጨበጨቡላት። ሱፐርቫይዘሩ ስሟን ጠይቆ ጻፈ። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ያወጣች መምህርት ትመስገን ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ወደ አኖ የምሄደው በሰኔ ነው። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ልታጋልጠኝ ትችል ነበር። አውቃ ተወችው። በሁሉም ፊት ያዋረድኳት ልጅ በሁሉም ፊት ሸፈነችኝ፤ እኔ ደግሞ ጭብጨባውን ተቀበልኩ። የፈራሁት ብትናገር ነበር። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

በጸጥታ አላስተካክለውም። ዜሮውን ከፍ አድርጌ ነው ያሳየሁት። ነገ 4ኛው ክ/ጊዜ። ከጻፍኩት በኋላ መሸሽ እንዳልችል እዚህ ጻፍኩት።


ዓርብ፣ ግንቦት 15። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ሳልረሳው በቶሎ።

ቾክ አላነሳሁም። ፊት ለፊት ቆምኩ። ሲፈን አልኮረጀችም አልኩ። በኦሮምኛ ነው ያልኩት፣ ቃሉን የምደብቅበት እንዳይኖረኝ። ወረቀቷን ሳልመረምር ፈረድኩባት፤ ከናኦል ጋር የተሳሳቱበት ጥያቄ እንኳ የተለያየ ነው፤ 27ቱ የራሷ ነው፤ ዜሮው የኔ ነው። አክስቷ ቤትም ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ይቅርታ አስጠይቄ ተመለስኩ፤ ነገ ሄጄ አደ ሎሚቱን እነግራቸዋለሁ። ዲፈማ፣ ሲፈን፣ አልኩ።  እሷ ቀና አላለችም፤ ዴስኳን በጥፍሯ ትፍቃለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ናኦል ብቻ፣ ነግሬሽ ነበር በሚል ዓይን አየኝ። እውነቱን ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ቀኝና ግራ የለም አልኩ። ያልገባው፣ አልገባኝም ይበል። አልቆጣም። ማን ያልገባው አለ?

ማንም። አንድም ልጅ አልተነቃነቀም። አላመኑኝም። ምን ብለው ይመኑኝ? አለማወቅ የሚደበቅበትን ቦታ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሲፈን ተነሳች። እጅ ሳታነሳ፣ ዝም ብላ ቆመች። ልትወጣ መሰለኝ። ስለ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጠየቀችኝ። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለውን ልዩነት ስናወጣ ማይነስና ፕላሱ እንዳይጠፋፋ ስኩዌር አድርጉ ብለውናል አለች። ማይነሱን ዝም ብለን ብንጥለውስ? አይቀልም? ለምን ስኩዌር?

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፦ ቀመሩ እንደዚያ ስለሆነ። ስንቴ ብዬዋለሁ። ዋጥኩት።

አላውቅም አልኩ።

በክፍሌ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። አንዱ ሳቀና ወዲያው አቆመ። አንብቤ ሰኞ እመልስልሻለሁ አልኳት። ከመሐል አንድ ልጅ ተነሳ፣ ቲቸር እኔ አማካዩ ራሱ አልገባኝም አለ። ሐዊ ተነሳች። ሌላ፣ ሌላ። ደወሉ ሲደወል ከቆመው የተቀመጠው ያንስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ማንን ነበር ያስተማርኩት?

27ቱን ራሴ ሪከርድ ቤት አስገብቼ ፈረምኩ። ኦቦ ገመቹ ኮሪደር ላይ አገኙኝ፤ ሰምተዋል። ወደ አኖ ሌላ ሰው ይሄዳል አሉኝ። እሺ ብያቸዋለሁ። ማሎ ትግስት፣ ለኛስ አላሰብሽም? ብለው ሳይቆጡ ሄዱ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

አሁን የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። እማዬ ራት ትላለች፣ መጣሁ እላለሁ። እስካሁን ያገኘሁት፦ ማይነሱን መጣልም ይቻላል፤ ሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እንዲያውም የራሱ ስም አለው። ስኩዌሩ የሚመረጥበት ምክንያት ግን ገና አልገባኝም።